ማሽኑ ብረቱን ምን ያደርገዋል? የአንባቢያን የታሪፍ ጥያቄዎች

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከወርክሾፕ ሰዎች የመጡ ናቸው። ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ፕሬስ፣ ሌዘር ነው ጉዳዩ። የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የማወጣ ትራንዚተር ሆኜ ቃሊቲና ሞጆ መመላለስ ከመጀመሬ በፊት ቶርኖ ላይ ቆሜ እሠራ ነበር። ስለዚህ ስለ ጨርቅና ጫማ ታሪፍ ከምጠየቅ ስለ ማሽን ብጠየቅ ደስ ይለኛል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የሰውና የድርጅት ስምም አላስገባሁም።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? አዳማ ውስጥ የማሽን መለዋወጫ የምንሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለን። ከቻይና አንድ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚታዘዝ ማሽን) አስመጣን። አቅራቢው ኢንቮይሱ ላይ "ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን" ብሎ ጽፎታል። ትራንዚተራችንም በ84.59 ዲክላራሲዮን ሞላ። ፍተሻ ላይ ግን የጉምሩክ ሠራተኛው ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ አየና "ይሄ 84.57 ነው" አለን። ጎኑ ላይ 16 መሣሪያ የሚይዝ ክብ ነገር አለው፤ እሱን ነው ያየው። ማን ነው ልክ?»

ሠራተኛው ነው ልክ። ትራንዚተራችሁም ዝም ብሎ አልሞላም፤ ኢንቮይሱን አምኖ ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። የታሪፍ ቁጥር የምንለው፣ የዕቃው ቀረጥ የሚወሰንበት፣ የኤችኤስ ኮድ ነው። ያዘጋጀው ብራስልስ የሚገኘው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1988 ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 አሃዞች ምዕራፉን ይነግሩናል፤ 4 ሲሆኑ አንቀጹን፣ 6 ሲሆኑ ንዑስ አንቀጹን። እስከ 6ኛው ድረስ ቻይናም ጀርመንም እኛም አንድ ነን። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። የእኛ 8 አሃዝ ነው። የቻይና አቅራቢ 10 አሃዝ ከላከላችሁ የመጨረሻዎቹን 4 እርሷቸው። የመጀመሪያዎቹን 6ም ቢሆን መነሻ እንጂ ማስረጃ አታድርጓቸው። አቅራቢው ያንን ቁጥር የመረጠው ከራሱ አገር ሲያወጣ ለሚመለስለት ታክስ ብሎ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ቀረጥ አያሳስበውም።

ብረት፣ ድንጋይና እንጨት የሚሠሩ ማሽኖች ምዕራፍ 84 ውስጥ ከ84.56 እስከ 84.65 ተደርድረዋል። አደራደሩ ማሽኑ በሚጠራበት ስም አይደለም፤ ማሽኑ ብረቱን ምን ያደርገዋል በሚለው ነው። ብረቱን እያሽከረከረ የሚልጠው ቶርኖ 84.58 ነው። የሚበሳው፣ በሚሽከረከር መቁረጫ ፍሬዛ የሚያደርገውና የቡሎን ጥርስ የሚያወጣው 84.59 ነው። ብረቱን በድንጋይ የሚስለው ሞላ 84.60፣ ሻፒንጉ፣ የማርሽ ጥርስ ማውጫውና የብረት መጋዙ 84.61 ላይ ናቸው። ፕሬሱ፣ የላሜራ ማጠፊያውና መቁረጫው 84.62 ላይ ይገኛሉ።

84.57 ከነዚህ ሁሉ ይለያል። እዚያ የሚገባው ምን እንደሆነ የሚወስነው የምዕራፍ 84 ማስታወሻ 4 ነው። በሦስት መንገድ ያስገባል። ለእናንተ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው፦ ብረት የሚሠራ፣ ቶርኖ ያልሆነ፣ ከአንድ በላይ ዓይነት ሥራ መሥራት የሚችል፣ ለዚህም መሣሪያውን ከመያዣው ላይ በፕሮግራሙ መሠረት ራሱ የሚቀያይር ማሽን። የእናንተ ማሽን ሲበሳ ትራፓኖ ነው፤ ሲያበቃ መብሻውን፣ ፓንታውን፣ ራሱ መልሶ የፍሬዛ መሣሪያ ያነሳል። ያ 16 ቀዳዳ ያለው ክብ ነገር የተሠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ 8457.10 ነው።

ያው ማሽን መያዣው ባይኖረውና መሣሪያውን ኦፕሬተሩ በእጁ ቢቀይር ኖሮ፣ ሲኤንሲ ቢሆንም 84.59 ላይ ይቀር ነበር። ሰዎች «ሲኤንሲ ከሆነ ማሽኒንግ ሴንተር ነው» ይላሉ። አይደለም። ሲኤንሲ መሆኑ የሚለየው ከታች፣ ንዑስ አንቀጹ ላይ ነው።

ቶርኖ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዘመናዊ ቶርኖዎች መሣሪያ የሚቀያይር ተሬት አላቸው። የሚሽከረከር መሣሪያ ይዘው እዚያው የሚበሱና ፍሬዛ የሚያደርጉም አሉ። «ታዲያ እነሱስ 84.57 አይሆኑም?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። አይሆኑም። ማስታወሻው ራሱ «ከቶርኖ በስተቀር» ይላል፤ 84.58ም ተርኒንግ ሴንተርን በስሙ ጠርቶ ይይዘዋል።

አሁን ከሰውዬው ጋር ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የሁለቱን አንቀጾች ቀረጥ አወዳድሩ። አንዳንዴ ሁለቱም ላይ ያለው መጠን አንድ ነው። ሰው በኩራት ብቻ ሳምንት ይከራከራል፤ ኮንቴይነሩ ደግሞ የማከማቻ ኪራይ ይቆጥራል። ልዩነት ካለ ግን ትንሽ አይደለም። ለስሌት ያህል የማሽኑ ዋጋ ከነመጓጓዣውና ኢንሹራንሱ 1,000,000 ብር ነው እንበል። ቀረጡ 5 በመቶ ቢሆን 50,000 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 157,500 ይመጣል። ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን ግን 200,000 እና 180,000 ይሆናል። ልዩነቱ 172,500 ብር ነው። ዕቃው ሱር ታክስ የሚመለከተው ከሆነ ደግሞ 10 በመቶው የሚሰላው በሁሉም ድምር ላይ ስለሆነ ሌላ 17,250 ይጨመራል። ታክስ በታክስ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰው ስለ ታሪፍ ቁጥር ሲጨነቅ አይገርመኝም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ኢንቮይሱን አቅራቢው እንደፈለገ እንዲጽፈው አትተዉት። ገና ፕሮፎርማ ላይ እያላችሁ «ቋሚ ማሽኒንግ ሴንተር፣ ለብረት፣ ባለ 3 አክሲስ፣ ባለ 16 መሣሪያ አውቶማቲክ መቀየሪያ፣ ሞዴሉ ይሄ፣ ሲሪያል ቁጥሩ ይሄ» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። አንድ መስመር ነው። እኔ ካየኋቸው የማሽን ታሪፍ ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የተወለዱት ሞጆ ሳይሆን እዚያች መስመር ላይ ነው።

«ከጀርመን፣ ሽቱትጋርት አካባቢ ነው የምጽፍልዎት። ኮምቦልቻ ላለው ወንድሜ ያገለገለ ቶርኖ ገዝቻለሁ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የነበረ። ትንሽ ስክሪን አለው፣ ቁጥር ያሳያል። ስክሪን ስላለው እንደ ሲኤንሲ ይቆጠራል የሚል ሰው አስፈራርቶኛል። ያገለገለ መሆኑስ ታሪፉን ይቀንሰዋል?»

ወንድሜ፣ ዕቃህ ጥሩ ነው፤ አትፍራ።

ያቺ ስክሪን መለኪያ ናት። የመሣሪያው መያዣ ምን ያህል ሚሊሜትር እንደሄደ ለኦፕሬተሩ ታሳየዋለች። ማሽኑን ግን አታዝም፤ እጀታውን የሚያዞረው ሰው ነው። ሲኤንሲ የሚባለው ፕሮግራም የሚቀበልና አክሲሱን ራሱ በሞተር የሚነዳ ነው። ስለዚህ የአንተ ቶርኖ፣ የሚሽከረከረው ብረት አግድም የሚተኛ ከሆነ፣ 8458.19 ነው። ሲኤንሲው 8458.11 ነበር። ፍተሻ ላይ ስክሪን ያየ ሰው «ሲኤንሲ» ቢል አትፍረድበት፤ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ አብረህ ላክ። ጀርመንኛ ብቻ ከሆነ እንግሊዝኛውን ፈልግ፤ ታዋቂ ፋብሪካ የሠራው ከሆነ አይጠፋም። እጀታዎቹ በግልጽ የሚታዩበት ፎቶም ይረዳል።

ማሽኑ ዱሮ በእጅ የሚሠራ ሆኖ በኋላ ሲኤንሲ ተገጥሞለት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚታየው ወደ ጉምሩክ ሲቀርብ ያለበት ሁኔታ እንጂ ሲወለድ የነበረው አይደለም።

ማርጀቱ ታሪፉን አይቀይረውም። 84.58 አዲስና አሮጌ አይለይም። የሚቀየረው ዋጋው ነው። የከፈልክበትን ደረሰኝና የባንክ ማስተላለፊያ ያዝ። የተመረተበትን ዓመት የሚያሳየውን የስም ሳህን ደግሞ እንዳትቀባው። የሰው ልጅ ማሽን ሲሸጥ ሳህኑን ቀለም ይቀባዋል፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ቶርኖ የቤት ዕቃ አይደለም፤ ከሶፋና ከፍሪጅ ጋር በግል ዕቃ ስም አታስገባው። ሌላ ራስ ምታት ነው።

«እህት እትዬ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፋብሪካ የግዢ ክፍል እሠራለሁ። ለማሽኖቻችን መለዋወጫ በአንድ ሣጥን አስመጣን። ኢንቮይሱ "ስፔር ፓርትስ ፎር ሌዝ ማሽን" ይላል፣ በጅምላ አንድ ዋጋ። ሁሉንም በ84.66 አስገባን። አልተቀበሉንም። ሣጥኑ ውስጥ ቻክ፣ ሞርሳ፣ ፓንታ፣ ካርባይድ፣ ሞተር፣ ቤሪንግ፣ ቦል ስክሩ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ቺንጊያ፣ ቡሎንና አንድ የሲኤንሲ መቆጣጠሪያ አለ። ለቶርኖ ከሆነ ሁሉም የቶርኖ መለዋወጫ አይደለም እንዴ?»

በጋራዥ ቋንቋ አዎ። በታሪፍ ቋንቋ አይደለም። እህቴ፣ በትራንዚተርነት ዘመኔ እንደዚህ ሣጥን ያደከመኝ ነገር የለም።

ሕጉ ያለው ማሽኖችን በሚይዘው የኤችኤስ ክፍል 16፣ ማስታወሻ 2 ላይ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። መለዋወጫው ለብቻው የራሱ አንቀጽ ካለው፣ የትኛውም ማሽን ላይ ቢገጠም ወደ ራሱ አንቀጽ ይሄዳል። የራሱ አንቀጽ ከሌለውና ለአንድ ማሽን ተብሎ የተሠራ ከሆነ ነው ማሽኑን የሚከተለው። 84.66 የሚይዘው እነዚህን የቀሩትን ነው፤ በተጨማሪ መሣሪያና ብረት መያዣዎችን።

እንግዲህ ሣጥኑን እንክፈተው።

ቻኩ ብረቱን የሚይዝ ከሆነ 8466.20 ነው። ፓንታ የሚይዝ የትራፓኖ ቻክ ከሆነ መሣሪያ ያዥ ነውና 8466.10። ሞርሳው ላይ ቆም በይ። ፍሬዛ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው የማሽን ሞርሳ ከሆነ እሱም 8466.20 ነው። የሥራ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቦልቶ፣ በፋይል ስትሞርጂበት የሚያገለግለው ከሆነ ግን የእጅ መሣሪያ ነው፤ ምዕራፍ 82 ይገባል፣ 8205.70። በሣጥን ተዘግቶ ሲመጣ ሁለቱም «ሞርሳ» ነው የሚባሉት። ኢንቮይሱ ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ፈታሹ ምን ይፍረድ?

ፓንታው የሚቀያየር መሣሪያ ነው፤ 8207.50። የፍሬዛው መቁረጫ 8207.70፣ የቶርኖው 8207.80። ካርባይዱ እጀታ ላይ ያልተገጠመ፣ ባዶ ጥርሱ ብቻ ከሆነ 82.09 ነው። እነዚህ ሁሉ የምዕራፍ 82 ዕቃዎች ስለሆኑ ከነጭራሹ ከማሽን ክፍል ወጥተዋል።

ሞተሩ 85.01 ነው፤ ቶርኖ ላይ ተገጠመ የውኃ ፓምፕ ላይ ለታሪፉ ግድ የለውም። ቤሪንጉ 84.82። ቦል ስክሩው 84.83። የማቀዝቀዣ ውኃ የሚረጨው ፓምፕ 84.13። ቺንጊያው የጎማ ከሆነ 40.10፣ ቡሎንና ዳዶው የብረት ከሆኑ 73.18። የሲኤንሲ መቆጣጠሪያው ደግሞ ለብቻው ከመጣ 8537.10 ነው። ማሽኑ ላይ ተገጥሞ ቢመጣ ከማሽኑ ጋር ይሄድ ነበር።

ታዲያ 84.66 ላይ ምን ቀረ? የቶርኖው አልጋ፣ የጅራቱ ክፍል፣ የመሣሪያ ተንሸራታቹ፣ ለዚያ ሞዴል ብቻ ተብሎ የተሠራ ማርሽ ያልሆነ ክፍል። እነዚህ 8466.93 ናቸው። «ማርሽ ያልሆነ» ያልኩት ማርሹም 84.83 ስለሚገባ ነው።

አሁን የሚሻለው አንድ ነገር ነው። ለአቅራቢው ጻፊና ኢንቮይሱን በዝርዝር፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋና ብዛት ለይቶ እንዲልክ አድርጊ። ፓኪንግ ሊስቱም እንደዚያው። በጅምላ አንድ ዋጋ ያለው ሣጥን ችግሩ ታሪፍ ብቻ አይደለም። ዋጋውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማካፈል ሲመጣ ጉምሩክ የራሱን ትመና ይይዛል። ያኔ አንድ ቺንጊያ የሞተር ዋጋ ስትሸከም ታያለሽ።

«እኔ የማስታወቂያ ሥራ ነኝ፣ ሐዋሳ። ሲኤንሲ ራውተርና ሌዘር ማምጣት እፈልጋለሁ። ራውተሩ ኤምዲኤፍ፣ አክሪሊክና ኮምፖዚት ይቆርጣል፤ አንዳንዴ ስስ አሉሚኒየም። ሻጩ "ለብረትም ይሆናል" ይላል። በብረት ማሽን ላስገባው ወይስ በእንጨት?»

ሻጭ ምን የማይል ነገር አለ። ከአንድ በላይ ሥራ የሚሠራ ማሽን በዋና ሥራው ይመደባል፤ የምዕራፉ ማስታወሻ እንዲህ ይላል። ዋና ሥራው ምን እንደሆነ ደግሞ ካታሎጉን ሳይሆን ማሽኑን እየው። ጠረጴዛው በአየር የሚስብ ነው? ከአቧራ መሳቢያ ጋር ነው የመጣው? ብረት ሲቆረጥ የሚረጭ ማቀዝቀዣ ውኃ የለውም? አካሉ ቀላል ነው? ይሄ የእንጨትና የጠንካራ ፕላስቲክ ማሽን ነው፤ 84.65። አክሪሊኩም የሚገባው እዚያው ነው። አሉሚኒየም አንዳንዴ መቁረጡ ወደ ብረት አይወስደውም።

ሌዘሩ ቀላል ነው። የምዕራፍ 84 ማስታወሻ 3 በሌዘር፣ በፕላዝማ ወይም በውኃ ግፊት የሚሠራን ማሽን የሚቆርጠው ብረት ይሁን እንጨት ሳይል 84.56 ይወስደዋል። የአንተ ሌዘር 8456.11 ነው። ጎረቤትህ ባለ ጠረጴዛ ፕላዝማ ካመጣ 8456.40።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሁን አሁን «3 በ 1» እየተባለ በእጅ የሚያዝ ሌዘር መበየጃ እየመጣ ነው። ይበይዳል፣ ይቆርጣል፣ ዝገት ያጸዳል። ስሙ ላይ ሌዘር ስላለ 84.56 ለማለት ይቃጣሃል። ዋና ሥራው ብየዳ ከሆነ ግን 85.15 ነው። ያ አንቀጽ ራሱ «መቁረጥ ቢችልም ባይችልም» ይላል።

«የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ትንሽ የፕላስቲክ ስሪዲ ፕሪንተር ከውጭ ላስመጣ ነው። ፕሪንተር ስለሆነ ከኮምፒውተር ፕሪንተር ጋር ነው የሚገባው?»

አይደለም ልጄ። ወረቀት አያትምማ። እ.ኤ.አ. በ2022 በተሻሻለው ኤችኤስ ለነዚህ ማሽኖች 84.85 የሚባል የራሳቸው አንቀጽ ተከፍቶላቸዋል፤ የፕላስቲኩ 8485.20 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እትም የፕላስቲክ ማሽኖች ውስጥ፣ 84.77 ላይ ነበር የሚፈለገው። ኤችኤስ በአምስት ዓመት አካባቢ ይሻሻላል፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. በ2028 ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ቁጥር ስታገኝ የየትኛው ዓመት እንደሆነ እይ። ሁለት ቁጥር አግኝተህ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ አርጅቶ ብቻ።

«ለላሜራ ሥራ ትልቅ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ገዛን። አንድ ኮንቴይነር አልበቃውም። ፍሬሙ በአንዱ፣ ሲሊንደሩና የዘይት ፓምፑ በሌላው ተጫነ። አንዱ ሞጆ ደርሷል፣ ሌላው ገና ጅቡቲ ነው። የደረሰውን እናውጣ?»

አትቸኩሉ። የኤችኤስ የአተረጓጎም ደንብ 2(ሀ) ተፈታቶ የመጣ ማሽን እንደ ሙሉ ማሽን ይቆጠር ይላል። ግን «ሲቀርብ» የምትል ቃል አለችው። አብሮ ከቀረበ አንድ ፕሬስ ነው፣ 84.62። ለየብቻ ከቀረበ ግን ፍሬሙ የፕሬስ ክፍል ተብሎ 8466.94 ይሆናል። ሲሊንደሩ የራሱ አንቀጽ አለው፣ 8412.21። ፓምፑም ወደ 84.13 ይሸሻል። አንድ ፕሬስ ገዝታችሁ ሦስት ዕቃ አስገባችሁ ማለት ነው። የማበረታቻ ፈቃድ በማሽኑ ስም አስወጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ፈቃዱ ላይ የለም።

ኢንቮይሱና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ አንድ ከሆነ ሁለተኛው እስኪደርስ ጠብቁና በአንድ ዲክላራሲዮን አቅርቡ። ለየብቻ ከሆነ፣ ትራንዚተራችሁ ዛሬውኑ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ በጽሑፍ ያሳውቅ። የመገጣጠሚያ ሥዕሉን ይዞ ይሂድ፤ ፍሬሙ ላይ ያለው የክፍል ቁጥርና ሲሊንደሩ ላይ ያለው የአንድ ማሽን መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። የጥበቃው ኪራይ ያናድዳል፤ አውቃለሁ።

«ማሽናችን ከገባ ቆይቷል። ቀረጡን ከፍለን፣ ተክለን፣ እየሠራንበት ነው። አሁን ኦዲተሮች መጥተው "ታሪፉ ስህተት ነው፣ ልዩነት ክፈሉ" አሉን። ያኔ እኮ ራሳቸው ፈትሸው ነው ያሳለፉት!»

አሳልፈው ነበር። ይሄ ግን ድህረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ነው፤ ዕቃው ከወጣ በኋላ ሰነዱን እንደገና ማየት ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006ንና ማሻሻያውን ቁጥር 1160/2011ን ብታነቡ ታገኙታላችሁ። «ያኔ አሳልፋችሁ ነበር» የሚለው ክርክር ብስጭት ያወጣል እንጂ ሩቅ አይወስድም።

የሚወስደው ይሄ ነው። ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ማስታወሻ ወይም ደንብ እንደሆነ ይጻፍላችሁ። ከዚያ ማሽኑ ላይ ሂዱ። ሌላው አስመጪ የሌለው ጥቅም አላችሁ፤ ማሽኑ ተተክሎ እየሠራ ነው። ሲሠራ ቪዲዮ አንሱት። መሣሪያ በእጅ የሚቀየር ከሆነ እጁ ይታይ። የስም ሳህኑን፣ የመቆጣጠሪያውን ሞዴል፣ የካታሎጉን ገጽ አያይዙ። መጀመሪያ ቅሬታው ለራሱ ለጉምሩክ ኮሚሽን የቅሬታ አጣሪ ነው። ካልተስማማችሁ የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አለ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት። የጊዜ ገደቡ አጭር ነው፤ ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን ወረቀቱ ላይ አስፈርሙ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ማሽኑን አይታችሁ ኦዲተሮቹ ልክ ከሆኑ ግን ክፈሉ። ለጠበቃና ለወለድ የሚወጣው ይበልጣል።

ሁለተኛ ማሽን ልታስመጡ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ካታሎጉን ይዛችሁ ከኮሚሽኑ የቅድሚያ የታሪፍ ውሳኔ ጠይቁ። በጽሑፍ የተሰጠ ቁጥር ይዞ ሞጆ መድረስና በአቅራቢ ቃል መድረስ ይለያያል።

ባሕር ዳር ያሉት የፍሬዛ ባለቤት፦ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ፎቶው ግን ደብዝዟል። ማሽኑ ጠረጴዛውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅስ፣ «ጉልበት» የሚባል ክፍል ካለው ንዑስ አንቀጹ አንድ ነው፣ ጠረጴዛው በቦታው ሆኖ መቁረጫውን የያዘው የማሽኑ ራስ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሌላ። ከጎን በኩል፣ ከነእግሩ አንሥተው ከስም ሳህኑ ጋር ይላኩልኝ፤ በሚቀጥለው እትም እመልስልዎታለሁ።